በክሱ ላይ ያልተጻፈው ስም

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ይህን ታሪክ ሰው ሁሉ ከችሎቱ ነው የሚጀምረው፤ እኔ ግን ከችሎቱ አምስት ዓመት ወደ ኋላ ልመልሳችሁ ነው፤ የነገሩ ሥር ያለው እዚያ ነውና።

ዘመኑ ከክርስቶስ ልደት በፊት 404 ነው፤ አገሩ ግሪክ፣ ከተማው አቴንስ። በ431 የተጀመረው ጦርነት ገና ማለቁ ነው፤ አቴንስ በስፓርታ ተሸንፋለች። ወረርሽኝ ፈጅቷታል፣ ሲሲሊ ድረስ የላከችው ጦር እዚያው አልቋል፣ በመጨረሻም ረኀብ አንበርክኳታል። ከከተማዋ እስከ ወደቧ የተዘረጉት ረጃጅም ግንቦች በዋሽንት ነፊ ሴቶች ዜማ እየታጀቡ ፈረሱ። ስፓርታም በሕዝቡ መንግሥት ፋንታ ሠላሳ አቴናውያን ሥልጣን እንዲይዙ አደረገች። ታሪክ «ሠላሳዎቹ» ይላቸዋል። የገዙት ስምንት ወር ያህል ነው፤ በዚያች አጭር ጊዜ የገደሉት ሰው ግን ከ1,500 አያንስም። የሀብታሙን ንብረት ወረሱ፣ ራሳቸው ባወጡት የዜጎች መዝገብ ላይ ስሙ የሌለውን ሰው ከከተማ አባረሩ።

እነዚህ ሰዎች አንድ ተንኮል ነበራቸው፤ ግፋቸውን ብቻቸውን መሥራት አይወዱም። ተራውን ዜጋ እየጠሩ እጁን ያስገባሉ፤ እጁ ደም ከነካ በኋላ ማን ተመልሶ ይመሰክርባቸዋል? አንድ ቀን አምስት ሰዎችን ቶሎስ ወደሚባለው ክብ አዳራሽ አስጠሩና፣ ወደ ሳላሚስ ደሴት ተሻግራችሁ ሊዮን የሚባለውን ሰው ይዛችሁ አምጡ አሏቸው። ሊዮን ጥፋት አልተገኘበትም፤ የሚመጣው ግን ሊገደል ነው፤ ይህንን አምስቱም ያውቃሉ። ከአዳራሹ ወጡ። አራቱ ወደ ሳላሚስ ሄዱ፤ ሊዮንን አመጡት፤ ሊዮን ተገደለ። አምስተኛው አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ወደ ቤቱ ሄደ።

ያ አምስተኛ ሰው ሶቅራጥስ ነው። የሠላሳዎቹ መንግሥት ቶሎ ባይወድቅ ኖሮ በዚያች እንቢታው አንገቱን ይቀላ ነበር፤ ይህን ራሱም ተናግሮታል። እንዲህ ያለውን ሰው ነው ነጻ የወጣችው አቴንስ፣ የሕዝቡ መንግሥት በተመለሰ በአራተኛው ዓመት፣ በ399፣ በሕጋዊ ሸንጎ የሞት ፍርድ የፈረደችበት። ይገባው ነበር ወይ? ከ2,400 ዓመት በኋላም ሰው ይከራከርበታል። እኔም አቋም አለኝ፤ አልደብቃችሁም፤ ግን ከሳሾቹን ሰይጣን አድርጌ አልስልላችሁም፤ ሰይጣን አልነበሩምና።

በመጀመሪያ ሰውዬውን እንወቀው። አባቱ ሶፍሮኒስቆስ ድንጋይ ጠራቢ፣ እናቱ ፋይናሬቴ አዋላጅ ነበሩ። አፍንጫው ጠፍጣፋ፣ ዓይኑ ፈጠጥ ያለ፣ ክረምት ከበጋ በአንድ ኩታና በባዶ እግሩ የሚሄድ ሰው ነው። በፖቲዳያ፣ በዴሊዮን፣ በአምፊፖሊስ ዘምቷል፤ ሠራዊቱ ከዴሊዮን ሲሸሽ እሱ ዙሪያውን እየቃኘ በእርጋታ ሲያፈገፍግ ያዩ ሰዎች ጀግንነቱን መስክረዋል። አንዲት መጽሐፍ አልጻፈም። ለትምህርት ብሎ ከማንም ገንዘብ አልተቀበለም። ሥራው መጠየቅ ነበር፤ ገበያው መካከል ይቆምና ያገኘውን ሰው ጽድቅ ምንድን ነው? ጀግንነት ምንድን ነው? ይለዋል። ስሙ ለእኛም አገር ሊቃውንት እንግዳ አይደለም፤ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ በተመለሰው በመጽሐፈ ፈላስፋ ጠቢባን ውስጥ ከጠቢባኑ ጋር ተቆጥሮ በስሙ ምክር ይነገራል። ያ የምክር ሶቅራጥስ ግን ከአቴንሱ ይልቅ የዋህ ነው። የአቴንሱ ሰውን ያስቆጣ ነበር።

እንዴት አያስቆጣ! ካይረፎን የሚባል ወዳጁ ዴልፊ ወደሚገኘው የአፖሎ ቤተ መቅደስ ወጣና፣ ከሶቅራጥስ የሚበልጥ ጠቢብ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። የለም የሚል መልስ ይዞ ተመለሰ። ሶቅራጥስ ይህን ሲሰማ ግራ ገባው፤ ምንም እንደማያውቅ ያውቃላ! ከእሱ የሚበልጥ አገኝ እንደሆን ብሎ ሹማምንቱን ዞሮ ጠየቀ፤ ያውቃሉ የተባሉት የሚያውቁት ነገር ሲፈተሽ ባዶ ሆነ። ባለቅኔዎቹን ጠየቀ፤ የራሳቸውን ቅኔ መፍታት አቃታቸው። የእጅ ባለሙያዎቹ ሙያቸውን በእውነት ያውቃሉ፤ ግን አንድ ሙያ ስላወቁ ሁሉን ያወቁ ይመስላቸዋል። ይህ ሁሉ የሚደረገው በአደባባይ፣ ሥራ ፈት የሀብታም ልጆች ከበው እያዩና እየሳቁ ነው። ልጆቹም ቤታቸው ሲገቡ ያንኑ ጥያቄ በአባቶቻቸው ላይ ይሞክሩታል። ልጁ ፊት የተዋረደ አባት ያቺን ቀን አይረሳትም።

በ423 ደግሞ አሪስቶፋነስ «ደመናዎች» በሚለው ተውኔቱ መድረክ ላይ አወጣው፤ ሶቅራጥስ በቅርጫት ተንጠልጥሎ ሰማይ ሲመረምር፣ ከእሱ ዘንድ የተማረ ልጅ አባቱን ሲደበድብ ተመልካች አየ። ቀልድ ነው፤ ነገር ግን ያን ቀን ያዩት ልጆች ከሃያ አራት ዓመት በኋላ ለዳኝነት ደርሰው ነበር። ሶቅራጥስ በችሎት ሲቆም ከሦስቱ ከሳሾቼ ይልቅ እነዚያን የቀድሞዎቹን እፈራለሁ ያለው ለዚህ ነው፤ ስም የሌለው ከሳሽ መልስ አይሰጠውም።

ይህ ሁሉ ግን ሰውን ያስጠላል እንጂ አያስገድልም። የሚያስገድለው ነገር የመጣው በተማሪዎቹ በኩል ነው።

አልኪቢያደስን ታውቁታላችሁ? መልከ መልካም፣ ባለጸጋ፣ አንደበተ ርቱዕ፣ ሶቅራጥስ ፖቲዳያ ላይ ከሞት ያዳነው ወጣት። በ415 አቴንስን ወደ ሲሲሊ ዘመቻ ገፋፍቶ ካስገባት በኋላ፣ የተቀደሰውን ምሥጢራዊ ሥርዓት አርክሰሃል ተብሎ ሲከሰስ ወደ ስፓርታ ኮበለለ፤ አገሩ እንዴት እንደምትመታም ጠላቶቿን መከራቸው። ሁለተኛው ክሪቲያስ ነው። ይህን ስም ያዙልኝ። ክሪቲያስ ከሠላሳዎቹ ሁሉ የከፋው፣ ዋናው ደም አፍሳሽ ነው፤ ወጣት ሳለ ሶቅራጥስን ይከተል ነበር። የወንድ ልጅ ወይም የአባት ሬሳ ያነሣ አቴናዊ፣ ገበያ ሲወጣ ያንን ባዶ እግሩን የሚሄድ ሽማግሌ ሲያይ ምን ያስባል? እኔ በዚያ ሰው ቦታ ብሆን ምን እንደማስብ አውቃለሁ፤ ስለዚህ አልፈርድበትም።

እውነቱ ግን ይህ ነው። ግድያው በበዛበት ጊዜ ሶቅራጥስ፣ ከብቶቹ እያነሱና እየከሱበት እኔ መጥፎ እረኛ ነኝ የማይል እረኛ ይገርመኛል ብሎ በአደባባይ ተናገረ። ቃሉ ለሠላሳዎቹ ደረሰ። ክሪቲያስና ባልደረባው ካሪክለስ አስጠሩትና የንግግር ጥበብ ማስተማርን የሚከለክለውን ሕጋቸውን አሳዩት፤ ከወጣት ጋር እንዳትነጋገር አሉት። ሽማግሌው መቼም አይተውም፤ ወጣት የሚባለው እስከ ስንት ዓመት ነው? ገበያ ሄጄ ዕቃ የሚሸጠው ሰው ከሠላሳ በታች ከሆነ ዋጋ መጠየቅም ተከለከልኩ? እያለ ጠየቃቸው። ካሪክለስ በመጨረሻ፣ አንተም ራስህ ከብቶቹን እንዳታሳንሳቸው ተጠንቀቅ አለው። ማስፈራሪያው ግልጽ ነው። ይህን የነገረን ዜኖፎን ነው፤ የሶቅራጥስ ወዳጅ ነውና ያደላል ብትሉኝ እቀበላለሁ፤ ነገር ግን የሊዮን ነገር ሲጨመርበት መምህሩ ለቀድሞ ተማሪው መሣሪያ እንዳልሆነ ይታያል።

በ403 የስደተኞቹ መሪዎች ትራሲቡሉስና አኒጦስ ከስደት ጦር ይዘው ገቡ። ክሪቲያስ በውጊያ ሞተ፤ የሕዝቡ መንግሥት ተመለሰ። አቴንስም ያን ጊዜ ያደረገችው ነገር ዛሬም ያስደንቃል፤ የምሕረት አዋጅ አወጀች። ከሠላሳዎቹና ከጥቂት ዋና ሹሞቻቸው በቀር ማንም ባለፈው ነገር እንዳይከሰስ ሕዝቡ ማለ። መሐላው ወረቀት ብቻ አልነበረም፤ አንድ ሰው ያለፈውን ቂም ሲያነሣ አርኪኖስ የሚባል መሪ ወደ ምክር ቤቱ ወሰደውና ያለፍርድ አስገደለው። ለምሕረቱ ሲባል ያለፍርድ ሰው መግደል ያስፈራል፤ ግን ከዚያ በኋላ ማንም አልሞከረም ይባላል። ቂሙስ? ቂሙ ሰው ልብ ውስጥ ቀረ። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይባል የለ።

እንግዲህ አኒጦስን እዩልኝ፤ ይህ ሰው የክሱ ጉልበት ነው። የቆዳ ሥራ ባለጸጋ ነበር፤ ሠላሳዎቹ ብዙ ሀብት ዘርፈውታል፤ ንብረቱን የጠቆሙበትን ሰዎች በስም ያውቃቸዋል፤ ሥልጣንም ይዟል። ግን ስለ መሐላው ብሎ አንዳቸውንም አልከሰሰም። ይህ ትልቅነት ነው! በዚያው ሰሞን ደግሞ አንዶኪደስ የሚባል ሰው አማልክትን አቃልለሃል ተብሎ ሲከሰስ፣ መከላከያውን በምሕረት አዋጁ ላይ መሥርቶ አኒጦስን ለድጋፍ ጠራ፤ አንዶኪደስም ነጻ ወጣ። ስለዚህ አኒጦስ አዋጁን የማያውቅ ወይም የሚንቅ ሰው አልነበረም። የሶቅራጥስን ነገር ስመረምር የሚያሳዝነኝ ከሁሉ ይበልጥ እዚህ ላይ ነው፤ ለአንዶኪደስ የተዘረጋው እጅ በሶቅራጥስ ላይ ተነሣ።

ክሱን በስሙ ያቀረበው ሜሌጦስ የሚባል ወጣት ነው፤ አኒጦስና ሊቆን የሚባል ተናጋሪ ደገፉት። ክሱ የቀረበው የሃይማኖትን ጉዳይ ለሚመለከተው፣ «ንጉሥ» የሚል የማዕረግ ስም ላለው ሹም ነው። ከተማዋ የምታምንባቸውን አማልክት አያምንም፣ አዲስ መንፈሳዊ ነገር ያስገባል፣ ወጣቱን ያበላሻል የሚል ነው፤ የተጠየቀው ቅጣት ሞት። ክሪቲያስ የሚል ስም የለበትም። አልኪቢያደስ የሚልም የለም። እኔ እንደማምነው ሊኖርበትም አይችልም ነበር፤ ያንን በር አዋጁ ዘግቶታል። ስለዚህ በአማልክቱ በር ገቡ።

ሸንጎው ምን ይመስል እንደነበር ልንገራችሁ። ዳኛ የሚባለው የሕግ ሊቅ አይደለም፤ ዕድሜው ከሠላሳ በላይ የሆነ፣ በዕጣ የወጣ ዜጋ ነው። 500 ያህል ነበሩ፤ ገበሬ፣ ጫማ ሰፊ፣ መርከበኛ። ለቀኑ ሦስት ኦቦል ይከፈላቸዋል። ዐቃቤ ሕግ የለም፤ ጠበቃ የለም፤ ከሳሽ ራሱ ይናገራል፣ ተከሳሽ ራሱ ይመልሳል። ጊዜው የሚለካው ከማሰሮ በሚንጠባጠብ ውኃ ነው። ዳኞቹ ተነጋግረው አይመክሩም፤ ሰምተው ወዲያው ድምፅ ይሰጣሉ። የአንድ ሰው ነፍስ ጉዳይ በአንዲት ቀን ያልቃል፤ ይግባኝ የለም።

ሶቅራጥስ ሰባ ዓመቱ ነው። ፍርድ ቤት ተከስሶ ሲቀርብ የመጀመሪያው ነው። ተጠየቅ ብሎ ሜሌጦስን ያዘው። ወጣቱን የሚያሻሽለው ማነው? ሕጉ ነው። ሕጉን የሚያውቀው ሰው ማነው? ዳኞቹ ናቸው። ሁሉም? ሁሉም። ምክር ቤቱስ? እነሱም። ጉባኤው በሙሉስ? እነሱም። እንግዲያ አቴናዊ ሁሉ ያሻሽላል፣ የማበላሸው እኔ ብቻ ነኝ ማለት ነው? አዎን አለ ሜሌጦስ። ፈረስን እንኳ የሚያሠለጥኑት ጥቂቶች ናቸው፤ ብዙ ሰው ቢይዘው ያበላሸዋል እንጂ። ስለ አማልክት ሲጠይቀው ደግሞ ሜሌጦስ ጭራሽ በምንም አምላክ አታምንም፣ ፀሐይ ድንጋይ ናት ትላለህ አለው። ሶቅራጥስም መለሰ፤ ያ የፈላስፋው የአናክሳጎራስ ትምህርት ነው፤ መጽሐፉም በአንድ ድራክማ ይሸጣል። ደግሞስ በመንፈሳዊ ነገር ያምናል ብለህ ከስሰህ፣ በመንፈስ አያምንም ትላለህ?

ክርክሩን ረታ። ግን መርታት ሌላ፣ ሰው ማሳመን ሌላ። ስለ አማልክቱ እውነቱን እንነጋገር ካላችሁ፣ አቴንስ አዲስ አምላክ አትቀበልም ማለት አይቻልም፤ በ420 አስክሊፒዮስን፣ ከዚያም በፊት ከትራቄ የመጣችውን ቤንዲስን ተቀብላ መሥዋዕት አቅርባለች። ልዩነቱ ያንን የተቀበለችው ከተማዋ መሆኗ ነው። የሶቅራጥስ ግን የራሱ ብቻ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ አንድ ነገር ሊያደርግ ሲል ተው የሚለው ድምፅ። አድርግ አይለውም፤ ተው ብቻ። ይህን ድምፅ የሚሰማ ሰው መሠዊያ አላፈረሰም፣ ሰውንም ከመሥዋዕት አላስቀረም፤ ዜኖፎን በግልጽ ሲሠዋ እናየው ነበር ይላል። ወጣቱን አበላሸ የሚለውስ? ሶቅራጥስ ራሱ፣ ያበላሸኋቸው ልጆች አባቶችና ወንድሞች እዚሁ ሸንጎ ውስጥ ተቀምጠዋል፣ ጥሯቸው አለ፤ ስማቸውን እየጠራ፣ እያመለከተ። ችሎቱን በጻፈልን በተማሪው በፕላቶ ጽሑፍ ውስጥ ከሳሾቹ አንዳቸውንም ሲጠሩ አናይም።

ከዚያ የሊዮንን ነገር አነሣ። ከዚያም በፊት በ406፣ ከአርጊኑሳይ የባሕር ውጊያ በኋላ፣ ሕዝቡ በማዕበል የሰጠሙትን መርከበኞች አላነሣችሁም ብሎ የጦር አዛዦችን በአንድ የድምፅ አሰጣጥ፣ በጅምላ ሊቀጣ ሲነሣ፣ እሱ በዕጣ ከሰብሳቢዎቹ አንዱ ሆኖ ይህ ሕገ ወጥ ነው ብሎ ብቻውን እንደ ተቃወመ አስታወሳቸው። ያን ጊዜ ስድስት አዛዦች ተገደሉ፤ በኋላ ሕዝቡ ተጸጸተ። እንግዲህ በሕዝቡ ቁጣ ፊትም፣ በአምባገነኖቹ ትእዛዝ ፊትም ያው ሰው ነው።

አሁን ግን የሚከብደኝን ልናገር። የሊዮን ታሪክ ለሶቅራጥስ መከላከያው ነው፤ ለእኔ ግን ሁልጊዜ ወለል ብሎ የሚታየኝ ጎደሎም አለበት። ወደ ቤቱ ሄደ፤ እሺ። ሊዮንን ግን ማን አስጠነቀቀው? ወደቡ ፒሬዎስ ላይ የነበሩት ስደተኞች ጦር ሲያሰባስቡ፣ ወዳጁ ካይረፎን እንኳ ከሕዝቡ ጋር ሲሰደድ፣ ሶቅራጥስ ከከተማው አልወጣም። ከዳኞቹ መካከል ያን ክረምት በስደት ያሳለፈ፣ ወንድሙን የቀበረ ሰው አለ እንበል። ያ ሰው የሊዮንን ታሪክ ሲሰማ፣ እጅህን አላነከርህም፣ ግን እጅህን አልዘረጋህም ቢለው ሐሰት ነው? አይደለም። ሶቅራጥስን እንደ ጻድቅ ብቻ የሚስሉ ሰዎች ይህን ይዘሉታል፤ እኔ አልዘለውም።

ነገር ግን ያ ጥፋት በሕግ ፊት ጥፋት አይደለም። ከሆነ ከተማ የቀሩት ሺዎች ሁሉ ይከሰሱ ነበር፤ አዋጁ የወጣው ለእነሱ ነው። አዋጁ ሊዮንን ከሳላሚስ ጎትተው ላመጡት እንኳ ደረሰ! አንዶኪደስ በችሎቱ ላይ፣ ሜሌጦስ የሚባል ሰው ከያዙት አንዱ መሆኑን፣ በአዋጁ ምክንያት ግን መክሰስ እንዳልተቻለ ተናግሯል። ያ ሜሌጦስ የሶቅራጥስ ከሳሽ ይሁን ሞክሼው ሊቃውንት ይከራከራሉ። ማንም ይሁን፤ ሊዮንን የያዘው በምሕረት ተሸፍኖ ሲኖር፣ አልይዝም ያለው ተከስሶ ቆመ።

ድምፅ ተሰጠ። 280 ያህሉ ጥፋተኛ፣ 220 ያህሉ ነጻ። ሠላሳ ሰው ብቻ ወደዚያ ቢዞር ኖሮ ሶቅራጥስ ቤቱ ይገባ ነበር፤ ራሱም በጥቂት ልዩነት መሆኑ ገርሞታል።

ከዚያ በኋላ የሆነው ግን የራሱም እጅ አለበት። በአቴንስ ሕግ ለእንዲህ ያለ ጥፋት የተወሰነ ቅጣት የለም፤ ከሳሽ አንድ ቅጣት ያቀርባል፣ ተከሳሽ ሌላ፤ ዳኞቹ ከሁለቱ አንዱን ይመርጣሉ፤ መካከለኛ የለም። ሜሌጦስ ሞት አለ። ሶቅራጥስ ስደት ቢል ያለ ጥርጥር ይቀበሉት ነበር። እሱ ግን ለከተማው በጎ ስለሠራሁ የሚገባኝ እንደ ኦሊምፒያ አሸናፊዎች በመንግሥት ማዕድ መቀለብ ነው አላቸው። ሸንጎው ተንጫጫ። ቀጥሎ ያለኝ አንድ ሚና ነው አለ። ወዳጆቹ ፕላቶ፣ ክሪቶን፣ ክሪቶቡሎስና አፖሎዶሮስ ከወንበራቸው ሆነው ሠላሳ ሚና በል፣ እኛ ዋስ እንሆናለን አሉት። ሠላሳ ሚና ትንሽ ገንዘብ አይደለም፤ 3,000 ድራክማ ነው፤ በቀን አንድ ድራክማ ለሚያገኝ ባለሙያ ከስምንት ዓመት በላይ ደመወዝ። ግን ነገሩ አስቀድሞ ተበላሽቷል።

በሁለተኛው ድምፅ ለሞት የሰጡት በዙ። ዲዮጋን ላኤርጥዮስ የሚባለው የኋላ ዘመን ጸሐፊ እንዳለው ሰማንያ ሰዎች ተጨመሩበት። ሰማንያ! ከጥቂት ጊዜ በፊት ይህ ሰው ንጹሕ ነው ብለው የወሰኑ ሰዎች፣ አሁን ይገደል አሉ። ብዙ ጊዜ የማስበው ከ280ዎቹ ይልቅ ስለ እነዚህ ሰማንያ ነው። 280ዎቹ በልባቸው ክሪቲያስን እያዩ ሊሆን ይችላል፤ ሐዘናቸው ይገባኛል። ሰማንያዎቹ ግን ጥፋት የለበትም ያሉትን ሰው በአነጋገሩ ምክንያት ገደሉት። ትዕቢቱ አናደዳቸው። ትዕቢተኛ ነበር? በዚያች ሰዓት፣ አዎን፤ ዜኖፎንም በእርጅና ከመድቀቅ ሞትን መርጦ ነው እንዲያ የተናገረው ይላል። ትዕቢት ግን በየትኛው የአቴንስ ሕግ ነው ሞት የሚያስፈርደው?

አይ.ኤፍ. ስቶን የሚባል አሜሪካዊ ጋዜጠኛ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመው መጽሐፍ የአቴንስን ጎን ይዞ ተሟግቷል፤ ሶቅራጥስ የሕዝብን አገዛዝ ይንቅ ነበር፣ ከተማይቱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሁለት ጊዜ በግልበጣ ተመትታለችና ፍርሃቷ ምክንያት ነበረው ይላል። ስቶን ራሱ ግን ፍርዱን አልወደደውም፤ በነጻነቷ የምትኮራ ከተማ በንግግር ሰው መግደሏ አሳፍሮታል። እኔም የምስማማው በዚህ ነው። ሹም በዕጣ መሾሙን ሶቅራጥስ ይነቅፍ ነበር፤ እውነት ነው። ግን ያን ነቀፋ የተናገረው በዚያችው ከተማ ገበያ መካከል ሰባ ዓመት ሙሉ ኖሮ፣ ዘምቶ፣ ሕጓን ጠብቆ ነው። ስፓርታ አልሄደም።

ሕጓን ጠብቆ ስል ዝም ብዬ አይደለም። ፍርዱ በተሰጠ ማግስት አልተገደለም፤ ወደ ዴሎስ ደሴት የምትሄደው የተቀደሰች መርከብ እስክትመለስ ድረስ በከተማይቱ ሰው መግደል ነውር ነው። ነፋሱ አዘገያትና ሠላሳ ቀን እስር ቤት ቆየ። ክሪቶን የልጅነት ወዳጁ፣ እኩያው፣ ባለገንዘብ ሰው ነው። ገና ጎህ ሳይቀድ መጣና ሶቅራጥስ ተኝቶ አገኘው፤ እስኪነቃ አጠገቡ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ጠባቂውን አውቀዋለሁ፣ ጉቦው ርካሽ ነው፣ ቴሳሊያ የሚቀበሉህ ሰዎች አሉኝ፣ ልጆችህን ለማን ትተዋቸዋለህ አለው። ሦስት ወንዶች ልጆች ነበሩት፤ ትልቁ ገና ጎረምሳ፣ ሁለቱ ሕፃናት። ሶቅራጥስ፣ የከተማይቱ ሕጎች አሁን በሩ ላይ መጥተው፣ ወልደን አሳድገን ሰባ ዓመት ስትኖርብን ውጣ ያለህ አልነበረም፣ አሁን አንድ ፍርድ ስላልተስማማህ ልታፈርሰን ነው? ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ አለው። ክሪቶን መልስ አጣ። ለሕዝቡ መንግሥት ጠላት ነው የተባለው ሰው ለዚያ መንግሥት ሕግ ሲል ነፍሱን ሰጠ፤ ከሳሾቹ ከዚህ የበለጠ ምስክር ከየት ያመጡ ነበር?

ሞቱን ሁላችሁም ሰምታችሁታልና አላረዝምባችሁም። ሚስቱ ክሳንቲጴ ትንሹን ልጅ ታቅፋ እያለቀሰች ተሸኘች። ሬሳዬን ለማጠብ ሴቶች እንዳይቸገሩ ብሎ ገላውን ታጠበ። የእስር ቤቱ አገልጋይ ጽዋው መቅረቡን ሊነግረው ገብቶ፣ እዚህ ከገቡት ሁሉ ደግ ሰው አንተ ነህ ብሎ ፊቱን አዙሮ አለቀሰ። ሶቅራጥስ የሄምሎኩን መርዝ ጠጣ፤ እግሩ እስኪከብድ ድረስ ተራመደ፤ ተጋደመ፤ ብርዱ ከእግሩ ወደ ላይ ወጣ። ለአስክሊፒዮስ ያለባቸውን አንድ ዶሮ እንዳይረሳ ለክሪቶን አደራ አለ። ፕላቶ በዚያ አልነበረም፤ ታምሞ ነበር።

ስለዚህ የኔ ፍርድ ይህ ነው። በክሱ ላይ በተጻፈው ጥፋተኛ አልነበረም። በክሱ ላይ ባልተጻፈው ደግሞ ሊጠየቅ አይገባውም ነበር፤ ከተማይቱ ራሷ ምላ ዘግታዋለችና፤ ተማሪው ለሠራው መምህሩ አንገቱን አይሰጥም። ሞቱ በሕጋዊ ሥርዓት የተፈጸመ ግፍ ነው። ዳኞቹ ጨካኞች አልነበሩም፤ ቁስላቸው ያልደረቀ ሰዎች ነበሩ፤ ቁስላቸው ግን ግፉን ፍትሕ አያደርገውም።

ክሪቲያስ በክሱ ጀርባ እንደነበረ በምን ታውቃለህ ብትሉኝ፣ አይስኪነስን እጠራላችኋለሁ። በ345፣ ሶቅራጥስ ከሞተ ሃምሳ አራት ዓመት በኋላ፣ ይህ የአቴንስ ተናጋሪ በሌላ ሰው ክስ ላይ ቆሞ ባላንጣውን ዴሞስቴነስን ሊያሳጣ ሲፈልግ፣ ሶቅራጥስን የገደላችሁት ከሠላሳዎቹ አንዱ የነበረውን ክሪቲያስን ስላስተማረ አይደለም ወይ ብሎ ዳኞቹን ጠየቃቸው። ስለ አማልክት አላነሣም። አዲስ መንፈስ ስለ ማስገባት አላነሣም። ምክንያቱን ሁሉም እንደሚያውቀው ነገር ተናገረውና ወደ ቀጣዩ ነጥቡ አለፈ፤ ክሱንም ረታ።